«ሳያውቅ አይቀርም» አይበቃም

(ለማኅበረሰባችን አባላት ያደረግሁት ንግግር ነው። ስናገር የዘለልኩትን ጨምሬ፣ የደጋገምኩትን ቀንሼ ጻፍኩት።)

እንደምን ዋላችሁ። ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ።

ገና በሩ ላይ ሳለሁ አንድ ወንድማችን እጄን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የአሜሪካ ዜግነቱን ካገኘ ዓመት አልሞላውም። «ለጁሪ ና ይለኛል፤ እንዴት ነው የማመልጠው?» አለኝ። ጁሪ ማለት ከሕዝብ ተጠርተው ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም ብለው የሚወስኑ ተራ ሰዎች ናቸው። አታመልጥም አልኩት። ፊት ወንበር ላይ እንዲቀመጥም ለመንኩት። ያው እዚያ ተቀምጧል። ሳቁበት እንጂ ግማሻችሁ ያንኑ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ደብቃችኋል።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ። ሥራዬ ዳኛው የሚለውን በተከሳሹ ጆሮ በአማርኛ ማንሾካሾክ ነው። ምስክር ተሰምቶ ሲያልቅ ዳኛው ለጁሪው መመሪያ ያነባል። አንዳንዴ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ጋዜጠኛ ካለ ያኔ ተነሥቶ ይወጣል። ከጁሪዎቹም መሃል ዓይኑ የሚከደን አይጠፋም። እኔ ግን ላብ የሚያጠምቀኝ ያኔ ነው። ምክንያቱም ከወራት በኋላ ጉዳዩ ይግባኝ ሲደርስ ሦስት ዳኞች ቁጭ ብለው የሚመረምሩት ብዙ ጊዜ የምስክሩን እንባ አይደለም። ያችን ሁሉም ያንቀላፋባትን አንቀጽ ነው።

ከዚያ ረጅም ንባብ ዛሬ ሁለት ነገር ብቻ ነው የማነሣው። አንዱ «ማወቅ» ነው። ሌላው የሰው የቀድሞ ጥፋት ነው። ለየብቻ የሚሄዱ ይመስላሉ። ነገር ግን የቀድሞው ጥፋት ወደ ችሎቱ የሚገባው ብዙ ጊዜ በማወቅ በር ነው።

እስቲ ከአማርኛችን እንነሣ። የጎረቤት ልጅ የተሰረቀ ስልክ ይዞ ተገኘ እንበል። ቡና ላይ ምን ይባላል? «ሳያውቅ አይቀርም» ይባላል። ልብ በሉ፣ «ያውቃል» አላልንም። «አያውቅም»ም አላልንም። በሁለት አሉታ መሃል አስቀምጠነው ሲኒያችንን አነሣን። ለቡና ይበቃል። ሌላዋ ደግሞ «ማወቅ ነበረበት» ትላለች። ይህ ወቀሳ ነው። ልጁ ቸልተኛ መሆኑን ይነግረናል እንጂ በልቡ የነበረውን አይነግረንም። ከጥግ ያሉት እማማ «እያወቀ እንዳላወቀ ሆኖ ነው እንጂ» ሲሉ ግን ነገሩ ይከብዳል። እሳቸውን ያዙልኝ፤ እመለስባቸዋለሁ።

የተሰረቀ ዕቃ መያዝ ወንጀል የሚሆነው ያዡ መሰረቁን ሲያውቅ ነው። ይህን ማስረዳት ያለበት ዐቃቤ ሕጉ ነው፤ ያውም ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ። አሥራ ሁለቱም የጁሪ አባላት መስማማት አለባቸው። አሁን ችግሩን ታያላችሁ። ዕቃው ይቆጠራል፣ ፎቶ ይነሣል። ልብ ግን ፎቶ አይነሣም። ታዲያ ዐቃቤ ሕጉ ምን ያደርጋል? ወደ ኋላ ይሄዳል። ይህ ሰው ከዚህ በፊት ምን አድርጎ ነበር?

እዚህ ላይ እኛ ኢትዮጵያውያን ፍርዳችን ቶሎ ይደርሳል። «አመል ያወጣል ከመሃል» እንላለን። በድሮው ዘመን በአውጫጭኝ፣ አፈርሳታ የምትሉትም አላችሁ፣ የአገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ሌባው እስኪወጣ ድረስ ይዋል ነበር። እንደዚያ ያለ ቦታ የማን ስም ቀድሞ እንደሚጠራ መገመት አያቅትም። ባለፈው ዓመት በግ የሰረቀው ሰው ነው። ዘንድሮ የጠፋውን በሬ ቢሰርቅም ባይሰርቅም።

አንድ አባት ከኋላ «በእኛ ሕግስ?» አሉ። የሚገርመው፣ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን በዚህ ጥብቅ ነው። ሕግ ሌላ ካላለ በቀር የተከሳሹ የቀድሞ ታሪክ ጥፋተኛ ከመባሉ በፊት ለፍርድ ቤቱ አይነገርም ይላል። እዚያ ደግሞ ጁሪ የለም፤ የሚፈርደው የተማረ ዳኛ ነው። ሕጉ ለዳኛውም ጆሮ ሠግቷል ማለት ነው።

የአሜሪካው ሕግ ሥጋቱ ተመሳሳይ ነው። በ1948 (ከዚህ ወዲያ የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሚኬልሰን በተባለው ጉዳይ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ሮበርት ጃክሰን ነገሩን አስረድቶታል። የሰው ጠባይ ማስረጃ የሚከለከለው ዋጋ ስለሌለው አይደለም አለ። እንዲያውም በጁሪው ላይ ከመጠን በላይ ስለሚከብድ ነው። ኑሮ ያስተማረን ነገር እውነትነት አለው፤ የሰረቀ ሊደግም ይችላል። ግን ጁሪ አንዴ ያንን ከሰማ የዛሬውን ማስረጃ መመዘን ይተዋል። «ባይሰርቅም ይገባዋል» የምትል ድምፅ ከውስጥ ትመጣለች።

ስለዚህ የፌዴራሉ የማስረጃ ደንብ በሩን ዘጋ። ቁጥሩ 404 ቢ ነው። ጠበቆቹ «ፎር ኦ ፎር ቢ» ሲሉ ትሰማላችሁ፤ እኔ መጀመሪያ ሰሞን የክፍል ቁጥር መስሎኝ ኮሪደሩን ፈልጌያለሁ። ደንቡ የቀድሞ ጥፋትን «ጠባዩ ነው፣ ስለዚህ አሁንም አድርጎታል» ለማለት ማቅረብ አይቻልም ይላል። እዚያው ቀጥሎ ግን መስኮት ይከፍታል። ለሌላ ዓላማ ከሆነ ይቻላል። የጥፋቱን መነሻ፣ ዕቅድን፣ ማንነትን ለማሳየት፣ ነገሩ በስህተት ወይም በድንገት አለመድረሱን ለማስረዳት። ከዝርዝሩ መሃል አንዷ ቃል «ማወቅ» ናት።

ይህ መስኮት ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ጉዳይ ላጫውታችሁ። የሃድልስተን ጉዳይ ይባላል። በሚያዝያ 1985 ኢሊኖይ ውስጥ ከአንድ የጭነት ድርጅት ግቢ 32 ሺህ ባዶ የቪዲዮ ካሴት ተሰረቀ። በዕድሜ የገፋን ሰዎች ካሴቱን እናስታውሰዋለን። ትንሽ ቆይቶ ሃድልስተን የተባለው ሰው ሚሺገን ውስጥ ካሴት የሚሸጥለት ሰው ሲፈልግ ተገኘ። ዋጋው ከ2.75 እስከ 3 ዶላር ነበር። ፋብሪካው አንዱን ካሴት ለመሥራት ያወጣው ግን 4.53 ዶላር ነው። ካሴቶቹ የተሰረቁ መሆናቸው አላከራከረም። እሱም ይዞ መሸጡን አልካደም። የቀረችው ጥያቄ አንዲት ነበረች፤ መሰረቃቸውን ያውቅ ነበር?

ዐቃቤ ሕጉ ሌላ ታሪክ አመጣ። ሰውየው ከዚያ ቀደም 38 ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥኖች እያንዳንዱን በ28 ዶላር ሲሸጥ ነበር። ኋላ ደግሞ ገዢ መስሎ ለቀረበ የኤፍ ቢ አይ ሰው የተሰረቁ ፍሪጆችና የወጥ ቤት ዕቃዎች ሊሸጥ ሲል ተይዟል። ዕቃዎቹን ሁሉ ያመጣለት አንድ ሰው ነው። «አልተሰረቁም ብሎ አረጋግጦልኝ ነው» ብሎ ተከራከረ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው፦ «ይህ ሰው የተሰረቀ ዕቃ ነጋዴ ነው፣ ስለዚህ ይሄንንም አውቆ ነው» የሚለው ነው። የተከለከለው ይህ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ከአንድ ሰው ብዙ ጊዜ ወስደሃል፣ ሁልጊዜ በብዛት ነው፣ ሁልጊዜ ደረሰኝ የለውም፣ ሁልጊዜ ዋጋው ከጤና ውጭ ነው። እንደዚህ ካለ ሰው አንዴ የገዛ ሊታለል ይችላል። ደጋግሞ የገዛ ሰው ግን ነገሩ ይገባዋል። ይህኛው ስለ ጠባዩ አያወራም። ስለ ተማረው ነገር ነው የሚያወራው። ክፉ ሰው ነው ብላችሁ ባታስቡም ያው መልስ ላይ ትደርሳላችሁ። የተፈቀደው ይህ ነው።

እኔ ብትጠይቁኝ ሁለቱን መንገዶች የሚለያቸው ክር ቀጭን ናት። ሁለተኛውን ጀምሮ ሳያስበው በመጀመሪያው የሚጨርስ ብዙ ሰው አለ። ጠበቆችም ጭምር።

ጁሪው ካሴቶቹን በመያዝ ጥፋተኛ ሲለው በመሸጥ ከተመሠረተው ክስ ነጻ አወጣው። ጉዳዩ በ1988 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ክርክሩ እንዲህ ነበር፦ ቴሌቪዥኖቹ በእርግጥ የተሰረቁ መሆናቸው መጀመሪያ በዳኛው መረጋገጥ አለበት ወይስ የለበትም? ዘጠኙም ዳኞች አያስፈልግም አሉ። ጁሪው ሊያምነው የሚችል በቂ ነገር ካለ ይቅረብለት ተባለ። ጥበቃ የለም ማለት ግን አይደለም አሉ። ማስረጃው ከጠባይ ሌላ ዓላማ ይኑረው፣ ለጉዳዩ የሚያገለግል ይሁን፣ ጉዳቱ ከጥቅሙ እንዳያመዝን ዳኛው ይመዝን፣ ጠበቃው ከጠየቀ ደግሞ ዳኛው ለጁሪው የመገደቢያ መመሪያ ይስጥ።

ያች የመጨረሻዋ ናት የእኔ እንጀራ። መመሪያዋ ስትነበብ በአማርኛ እንዲህ ትመስላለች፦ «ተከሳሹ ከዚህ ቀደም ሌላ ድርጊት ፈጽሟል የሚል ማስረጃ ሰምታችኋል። ይህን ማስረጃ ልትጠቀሙበት የምትችሉት ተከሳሹ ዕቃው የተሰረቀ መሆኑን ያውቅ ነበር ወይ የሚለውን ለመወሰን ብቻ ነው። ከዚህ በፊት አድርጎታልና አሁንም አድርጎታል ለማለት ልትጠቀሙበት አትችሉም።» በቃ፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር ናት። በሥራዬ ደጋግሜ ተርጉሜያታለሁ። አንድ ተከሳሽ አንዴ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ «እና አሁን ረሱት ማለት ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። መልስ መስጠት አይፈቀድልኝም። ዝም አልኩ።

ያው ጃክሰን በ1949 ለዚህ መልስ ሰጥቷል። የማስረጃ ጉዳት በመመሪያ ይሻራል የሚለው የዋህ እምነት፣ በሥራው ላይ ያለ ጠበቃ ሁሉ የሚያውቀው ዓይን ያወጣ ልብ ወለድ ነው አለ። ቀልደኛ አልነበረም፤ ኑረምበርግ ላይ የናዚ መሪዎችን የከሰሰ ሰው ነው። እኔ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ያየሁትን ልናገር። ዳኛው መመሪያዋን በክርክሩ ማብቂያ ከሃምሳ ገጽ መሃል ሲያነብባት ማንም አይሰማትም። ምስክሩ ገና ከመናገሩ በፊት ቀና ብሎ፣ ጁሪዎቹን ዓይን ዓይናቸውን እያየ፣ ምክንያቷን ጨምሮ ሲነግራቸው ግን ፊታቸው ይለወጣል። «አትጠቀሙበት» ሲባል ሰው ይታገላል። «እንዲህ ብታስቡ በዚህ ምክንያት ትሳሳታላችሁ» ሲባል ነው የሚገባው።

በዓለም ላይ አሜሪካ ብቻ አይደለችም። እንግሊዝ አገር በ1915 አንድ ባል ሚስቱን ገንዳ ውስጥ አስጥሞ ገደለ ተብሎ ተከሰሰ። ጆርጅ ጆሴፍ ስሚዝ ይባላል። ሌሎች ሁለት «ሚስቶቹም» ገንዳ ውስጥ ሞተው ነበር። የተከሰሰው በአንዷ ብቻ ነው፤ ጁሪው ግን የሦስቱንም ሰማ። አንድ ገንዳ አደጋ ነው፤ ሦስተኛው ላይ ማን ያምናል? ተሰቀለ። ዛሬ እንግሊዝ በ2003 ባወጣችው ሕግ በሩን ከአሜሪካ ይልቅ ሰፋ አድርጋ ከፍታለች። የቀድሞ ጥፋት የሚገባባቸው ሰባት በሮች አሉ። ዝንባሌን ራሱን ማሳየትም ይቻላል። በምትኩ መመሪያው ጠበቅ ብሏል። በ2005 ሃንሰን በተባለው ውሳኔ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ፣ ጁሪው በቀድሞ ጥፋቱ ብቻ ተነሥቶ ጥፋተኛ እንዳይል ዳኛው ይንገረው አለ። ደካማ ክስ በቀድሞ ጥፋት እንዳይደገፍም አስጠነቀቀ። የትኛው ይሻላል? እኔ ለእንግሊዞቹ ግልጽነት አደላለሁ። አሜሪካኖቹ «ስለ ማወቅ ብቻ» እያሉ ብዙ ጊዜ ያንኑ ዝንባሌ በጓሮ ያስገባሉ።

አሁን ወደ እማማ እንመለስ። «እያወቀ እንዳላወቀ» ወዳሉት።

አንድ ሰው ቲኋና፣ ሜክሲኮ ውስጥ መኪና ነድቶ ድንበር እንዲያሻግር 100 ዶላር ተከፈለው። ከኋላ ወንበሩና ከዕቃ መጫኛው መሃል 110 ፓውንድ ማሪዋና ነበር፤ ሃምሳ ኪሎ ማለት ነው። ሰውየው መኪናው ውስጥ የተደበቀ ክፍል እንዳለ አውቅ ነበር አለ። ውስጡ ምን እንዳለ ግን አላውቅም። ለምን አላየህም? አላየሁም። ይህ የጁወል ጉዳይ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ያለው የዘጠነኛው ቀጠና ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1976 ወሰነው። ሆን ብሎ ዓይኑን የጨፈነ ሰው እንዳወቀ ይቆጠራል አለ። ጠበቆች ይህን «የሰጎን መመሪያ» ይሉታል። ሰጎን ራሷን አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች ከሚለው ተረት ነው። ተረት ነው እንጂ አታደርገውም፤ ምስኪን ሰጎን።

በዚያ ጉዳይ ከሐሳቡ ተለይቶ የጻፈ ዳኛ ነበር፤ አንቶኒ ኬነዲ፣ ኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የገባው። ለጁሪው የተነበበው መመሪያ ጎደሎ ነው አለ። መመሪያው፣ ሰውየው ዕፅ የመኖሩ ዕድል ከፍተኛ እንደሆነ መገንዘቡን መጠየቅ ነበረበት። ከልቡ «የለም» ብሎ ካመነ ደግሞ ጥፋተኛ እንደማይባል መነገር ነበረበት። ይህች ልዩነት ትንሽ እንዳትመስላችሁ። ያለእሷ «እያወቀ እንዳላወቀ ሆነ» ተንሸራቶ «ማወቅ ነበረበት» ይሆናል። ሞኝ ሰው ወንጀለኛ ይሆናል ማለት ነው።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መስመሩን ያሰመረው በ2011 ነው። የሚገርመው የወንጀል ጉዳይ እንኳ አልነበረም፤ በድንች መጥበሻ ማሽን ፓተንት፣ ማለትም በፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ የተነሣ ክርክር ነው። ሁለት ነገር ያስፈልጋል አለ። ሰውየው ነገሩ የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ እንደሆነ ራሱ ማመን አለበት። ከዚያም እንዳያውቅ ብሎ ሆን ብሎ የሆነ ነገር ማድረግ አለበት። ቸልተኝነት አይበቃም። ግድ የለሽነትም አይበቃም።

ወደ ቤታችን ልምጣ። ጫት።

አትሳቁ። ይህ ሁሉ ክርክር እኛን በቀጥታ የሚነካው እዚህ ላይ ነው። አወዳይ ላይ በጠራራ ፀሐይ የሚሸጥ ቅጠል ነው። ለንደን ውስጥም እስከ ሰኔ 2014 ድረስ በሕግ አልተከለከለም ነበር። አሜሪካ ውስጥ ግን በለጋ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ከ1993 ጀምሮ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ ተቀምጧል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ እየቀነሰ ካቲን ወደሚባለው ይለወጣል። ካቲን ደግሞ በቀለለው መደብ ነው ያለው። እናም በፌዴራሉ ዝርዝር ላይ የምታገኙት «ካቲኖን» ነው እንጂ «ጫት» የሚል ተክል አይደለም።

ውጤቱን አስቡት። ሄሮይን የያዘ ሰው «ሄሮይን መሆኑን አውቃለሁ፣ መከልከሉን ግን አላውቅም» ቢል አያድነውም። ሕግን አለማወቅ ይቅርታ አያሰጥም። ጫት የያዘ ሰው ግን ጫት መሆኑን ቢያውቅ ገና ምንም አልተረጋገጠም። ካቲኖን የሚለውን ቃል በሕይወቱ ሰምቶ ላያውቅ ይችላል። ታዲያ ጁሪው ምን ይባል? ቦስተን ያለው ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2003 ሁሴን በተባለው ጉዳይ፣ የኬሚካሉን ስም ማወቅ አያስፈልግም፣ ነገር ግን የተከለከለ ዕፅ መሆኑን ማወቅ አለበት ብሎ ፍርዱን አጸና። ሲንሲናቲ ያለው ደግሞ በ2005 ኬሲር በተባለው ጉዳይ ያንኑ መለኪያ ይዞ ሶማሌያዊውን ተከሳሽ ነጻ አወጣው። የተከለከለ ነገር መሆኑን ማወቁን የሚያሳይ በቂ ማስረጃ የለም አለ። መለኪያው አንድ ነው፤ ማስረጃው ይለያያል።

በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በማክፋደን ጉዳይ ስለ ሌላ ዕፅ ሲወስን ማወቅን ምን እንደሚያሳይ ምሳሌዎች ሰጠ። ድርጊቱን መደበቅ፣ ከፖሊስ መሸሽ። አንዷ ምሳሌ ግን እኛን ትመለከታለች። ዕቃው ጉምሩክ ላይ የሚያዝ መሆኑን ማወቅ ናት።

አሁን ሁለቱ ነገሮቻችን ተገናኙ። አንድ ሰው በጫት ተከሰሰ እንበል። ከሁለት ዓመት በፊት ጥቅሉ ጉምሩክ ላይ ተይዞ «የተከለከለ ዕፅ ስለያዘ ወርሰነዋል» የሚል ደብዳቤ ደርሶት ነበር። ያ ደብዳቤ ለጁሪው ቢቀርብ ትክክል ነው እላለሁ። ጠባዩን አይናገርም፤ የተነገረውን ነው የሚናገረው። አሁን ለውጡት። ከስድስት ዓመት በፊት ጠጥቶ በመንዳት ተቀጥቷል። ይህ ስለ ጫት ምን አሳወቀው? ምንም። መካከለኛው ነው አስቸጋሪው። ከስድስት ዓመት በፊት ኮኬይን በመያዝ ተፈርዶበታል። ዐቃቤ ሕጉ «ስለ ተከለከለ ዕፅ ያውቃል» ይላል። እኔ ግን አልቀበለውም። ኮኬይን መከልከሉን የማያውቅ ማን አለ? ያ ፍርድ ስለ ጫት ያስተማረው ነገር የለም። ጁሪው ጆሮ ላይ የሚቀረው «የዕፅ ሰው ነው» የሚለው ብቻ ነው።

አንዲት እህት «ዳኛው ከተሳሳተ ይግባኝ አለ አይደል?» አለች። አለ። ግን የይግባኝ መንገድ ብዙዎቻችሁ እንደምታስቡት አይደለም።

መጀመሪያ ጠበቃው በችሎቱ ላይ ተነሥቶ መቃወም አለበት። ያኔ ዝም ካለ የይግባኝ ዳኞች የሚያዩት ግልጽ ስህተትን ብቻ ነው፤ እሱንም ስህተቱ ውጤቱን የሚነካ ከሆነ ነው። የመገደቢያ መመሪያዋም በጥያቄ ነው የምትመጣው። አንዳንድ ጠበቃ «መመሪያው ራሱ ያስታውሳቸዋል» ብሎ ሆን ብሎ አይጠይቅም። ስልት ነው። ይግባኝ ላይ ግን ያ ስልት እሱኑ ይበላዋል።

ሁለተኛ፣ ተቃውሞ ተመዝግቦም ስህተት ተገኝቶም መሸነፍ አለ። ቺካጎ ያለው የሰባተኛው ቀጠና ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2014 በጎሜዝ ጉዳይ ሁሉም ዳኞቹ ተሰብስበው ስለ 404 ቢ አዲስ ሐሳብ አወጡ። ዐቃቤ ሕጉ «ለማወቅ ነው፣ ለማንነት ነው» ብሎ የዓላማውን ስም መጥራቱ ብቻ አይበቃም አሉ። ከቀድሞው ድርጊት እስከ ዛሬው ክስ ያለውን መንገድ በዝንባሌ ሳያልፍ ደረጃ በደረጃ ማሳየት አለበት። በሰውየው መኝታ ክፍል የተገኘችው ትንሽ ኮኬይን መቅረብ አልነበረባትም ብለውም ወሰኑ። ከዚያስ? ሌላው ማስረጃ ጠንካራ ስለሆነ ስህተቱ ጉዳት አላደረሰም ተብሎ ፍርዱ ጸና። ክርክሩን አሸንፎ እስር ቤት ቀረ። ስሙ በሕግ ትምህርት ቤት ሁሉ ይጠራል፤ ለእሱ ምን ይጠቅመዋል?

አንድ በጎ ነገር አለ። ከታኅሣሥ 2020 ወዲህ ደንቡ ተሻሽሎ ዐቃቤ ሕጉ የቀድሞውን ድርጊት ለምን እንደሚያቀርብና እንዴት እዚያ ዓላማ ላይ እንደሚያደርስ አስቀድሞ በጽሑፍ ለተከሳሹ መናገር አለበት። ወረቀት ላይ ሲጻፍ ቀጭኗ ክር ትታያለች።

ጥያቄ ላይ ስንደርስ ፊት ወንበር ያለው ወንድማችን እጁን አወጣ። ወረቀቱን አሁንም ይዞታል።

«ጁሪ ሲመርጡ ጥያቄ ይጠይቃሉ አሉ። ጉዳዩ የጫት ቢሆንና ዳኛው ቅመህ ታውቃለህ ወይ ቢለኝስ?»

«እውነቱን ትናገራለህ። በሰው ፊት ካፈርክ ለብቻ ልናገር ብለህ ትጠይቃለህ።»

«ከዚያስ?»

«በቅንነት መፍረድ እችላለሁ ካልክ ሊያስቀርህ ይችላል። አልችልም ካልክ ቤትህ ትሄዳለህ።»

ትንሽ አሰበ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈና ኪሱ ከተተው።

«አይ፣ እችላለሁ» አለ።